መሕሙድ ያስማለው

"በሺር ይመር! ይግቡ!" አለች ነርሷ ከበሩ ላይ ሆና።

በሺር ከአግዳሚው ለመነሳት ሞከረ፤ ወገቡ እሺ አላለውም። ልጁ ሸሪፋ በብብቱ ሥር እጇን አስገብታ አነሳችው። እሷ ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ነው ደሴ የወጣችው። እሱ የጎመን ማሳውን ለጎረቤት ጥሎ ከቦሩ ሜዳ መጥቷል።

ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ አግዳሚውን አየ። ታላቅ ወንድሙ መሕሙድ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። መሕሙድ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ አቀርቅሯል፤ በሕይወት ሳለ ወረፋ ሲጠብቅ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው። በሺር ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ቦታው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች።

እንዲህ መሆን ከጀመረው ሰንብቷል። ሕመሙ ከያዘው ወዲህ መሕሙድ አንዴ ከማሳው ዳር፣ አንዴ ከመስጊዱ በር ይታየዋል። አይናገርም። በሺር አብልጦ የሚፈራው ግን የገዛ እጁን ነው። የወንድሙን ጀናዛ ያጠበው እሱ ነበር። ያ ኩንታል ብቻውን የሚሸከም ሰው ሲገለብጡት እንደ ጭራሮ ቀሎ ነበር። ቅለቱ ከበሺር መዳፍ አልወጣም። ለሰላት ውዱእ ሲያደርግ፣ ውሃው ገና እጁን ሲነካው ይመጣበታል።

ዶክተር ሱሀይላ ወጣት ናት። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ ተቀመጠች።

"አባባ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው ብዬዎት ነበር። አሁን የመጣው ውጤት አጥንትዎ ላይ መድረሱን ያሳያል። ወገብዎን የሚያምዎት ለዚያ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ በሺር።

"ከቤተሰብዎ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር?"

"የለም" አለ ቶሎ ብሎ።

ሸሪፋ ፈራ ተባ እያለች ጣልቃ ገባች። "ዶክተር፣ የሰውየውን የራሱን ተከላካይ ሕዋስ ከደሙ ያወጡና ካንሰሩን እንዲለይ አድርገው መልሰው ይሰጡታል አሉ። ስልኬ ላይ አይቼው ነው። ለአባቴ አይሆንም?"

"እኔም ጥናቶቹን እከታተላለሁ" አለች ሐኪሟ። "በአንዳንድ የደም ካንሰር ላይ ብዙ ሰው አትርፏል። ፕሮስቴት ላይ ግን ገና ነው። ዕጢው ዙሪያውን አጥሮ ነው የሚቀመጠው፤ የተላኩት ሕዋሶች ቢደርሱም ይደክማሉ። ደግሞ ካንሰሩ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ እንኳ መልኩ ብዙ ነው፤ አንዱን ሲለዩት ሌላው ያመልጣል። አሁን እንዳይደክሙ፣ ከአንድ በላይ ምልክት እንዲያውቁ አድርገው ሊሠሯቸው እየሞከሩ ነው። በጥቂት ሰው ላይ ነው የሚሞከረው፤ የተሻለው አለ፣ ክፉኛ የጎዳውም አለ። ውጭ አገር የቆየ አንድ የሕዋስ ሕክምናም አለ፤ እሱም ዕድሜ ይጨምራል እንጂ አያድንም። እኛ ዘንድ አንዱም የለም።"

"እንጠብቃለና! መምጣቱ ይቀራል?"

"በሽታው አብሮን አይጠብቅም፣ እህቴ።"

ሸሪፋ አንገቷን ደፋች። ሐኪሟ ወደ በሺር ዞረች። "ይህ ካንሰር የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን የሚያመነጩትን ሁለቱን የዘር ፍሬዎች በቀዶ ጥገና እናወጣለን። መርፌም አለ፤ ግን ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ጨርሶ አያድንዎትም። ሕመሙን ግን ያስታግሳል፤ ዓመታትም ሊሰጥዎት ይችላል።"

በሺር ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ያኔ የተነገረው ለእሱ አልነበረም።

"ያ የሕዋሱ ሕክምና ..." አለ ቆይቶ፣ "ያኔ ቢኖር መሕሙድን ያተርፈው ነበር?"

"መሕሙድ ማናቸው?"

"ወንድሜ።"

"አጎቴ የሞቱት በወገብ በሽታ ነው" አለች ሸሪፋ።

"ወገብ አይደለም፣ ልጄ። ይሄው ነው።" አለ በሺር። "ይህንኑ ቀዶ ጥገና ነገሩት። 'ጎደሎ ሆኜ ከምኖር ሙሉ ሆኜ ልሙት' አለ። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ እጄን ጨብጦ ለማንም እንዳልናገር ወላሂ አስባለኝ። ለሚስቱም፣ ለልጁም።"

"አዲሱ ሕክምና ያተርፋቸው እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ አባባ። ቀዶ ጥገናው ግን ያኔም ነበር። እንዲያ ላይሰቃዩ ይችሉ ነበር።" ከዚያ ሐኪሟ ጠየቀች፤ "ልጃቸው ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሙንዚር? አርባ አምስት አልፎታል። ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል።"

"አባቱም አጎቱም በዚህ ከታመሙ ቶሎ ይመርመር። ለምርመራው ደም መስጠት ብቻ ነው። ቢኖርበት እንኳ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ይታከማል።"

በሺር መዳፎቹን ጭኑ ላይ ዘረጋ። እስከ ዛሬ መሕሙድ የሚከተለው መሓላውን ሊጠብቅ ይመስለው ነበር። አሁን ደግሞ ሙንዚር ታየው፤ ሰፊ ትከሻው፣ ባጃጁ ውስጥ አልበቃ እያለው ጎንበስ የሚለው። እጁ ላይ ያለው ቅለት የመሕሙድ ብቻ መሆኑ ቀረ።

"ቀዶ ጥገናውን አድርጉልኝ" አለ።

"ባለቤትዎን አያማክሩም?"

"እነግራታለሁ። እኔው ራሴ እነግራታለሁ።"

መናኸሪያው ሲደርሱ ሸሪፋ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "አባዬ፣ ይሳፈሩ፤ የቦሩ ሜዳው ሊሞላ ነው።"

"ካንቺ ጋር ነው የምወርደው።"

"ኮምቦልቻ? በዚህ ሕመም? ለሙንዚር እኔ ልደውልለት።"

"ይህ የአባቱን ሞት እንደገና ማርዳት ነው፤ በስልክ አይሆንም።"

ሸሪፋ ፊቱን አየችው። "መሓላውስ?"

"ላፈረስኩት አሥር ሚስኪን አበላለሁ። አላህ መሓሪ ነው።"

"አጎቴስ?" አለች ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ይመስል።

ረዳቱ "ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው!" እያለ በአጠገባቸው አለፈ።

"ይቆጣ" አለ በሺር፤ የመኪናውን በር ጨብጦ ወደ ላይ ተሳበ።