በጠባብ ቤት የሚያነሳ ሌንስ

«በጠባብ ቤት ውስጥ ያነሳል?» ብላ ጠየቀችው።

«እንኳን ጠባብ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥም ያነሳል!» አላት።

ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ምን እንደተባባሉ አሁን በውል አላስታውስም። ብዙ ዓመት ሆነው፤ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ይመስለኛል። በዋጋ ተከራክረዋል፤ ስንት ብሎ በስንት እንደሸጠላት ግን ጠፍቶብኛል። ይህን ጥያቄና ይህን መልስ አልረሳሁም። ብረሳው ደስ የሚለኝ ጊዜም ነበር።

ቦታው ካዛንቺስ፣ የታዲዎስ ካሜራ ቤት ነው። ታዲዎስ ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች ይሸጣል። እኔ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ከሱ ተከራይቼ፣ ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ በለመድኩት ሙያ ካሜራ እጠግን ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስለምውል ሰው መኖሬን ይረሳል። ጆሮ ግን አይደፋም።

ጠያቂዋ ረውዳ ትባላለች፤ የቂርቆስ ልጅ፣ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች። በሙስሊም ሠርግ ሴቶቹ ለብቻቸው በሚሆኑበት ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፤ እሷ ይህን ሥራ ልትይዝ አስባ፣ ሌንስ የሌለው ካሜራ በርካሽ አግኝታ ገዝታለች። አሁን የቀራት ሌንስ ነው። አቅሟ ለአንድ ብቻ ነበር።

በመሸጫው የመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ሁለት ነበሩ። አንዷ ሃምሳ ሚሊሜትር፣ ከጡጫ የማትበልጥ፣ ግን ከቅርብ የምታነሳ፣ ብዙ ብርሃን የምታስገባ። ሌላው ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ዙም፤ ዋጋውም ከእጥፍ በላይ። ረውዳ ጣቷን ወደ ትንሿ ስትቀስር ታዲዎስ ሳቀባት።

«ይቺን ይዘሽ ሠርግ ቤት ብትገቢ እንግዳ መስለሻቸው ሳህን ያቀብሉሻል። ሰው የሚያከብረው ትልቁን ነው፣ በቃ!»

ያን ጥያቄ የጠየቀችው ይሄኔ ነው። ከመልሱ በኋላ ዙሙን ይዛ ሄደች። ዙሙ ለሜዳ እንጂ ለጓዳ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አንገቴን ሳላነሳ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ፣ ዓርብ ጠዋት መጣች። ሱቁ ውስጥ ሁለት ገበያተኞች ነበሩ።

«ሌንስህን ተቀበል» አለችው።

«መጀመሪያ እንዴት አደርሽ ይባላል።»

«እንዴት እንዳደርኩ ላሳይህ!» ካሜራውን ከፍታ አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። «ትላንት ሙሽራዋን ሐምዲያን ሒና የሚቀቡበት ማታ ነበር። ግድግዳው እስኪገፋኝ ወደ ኋላ ሄድኩ። ይሄ የሙሽራዋ አገጭ ነው። ይሄ ጆሮዋ። ሙሉ ሰው የለኝም! የተገኘውም ጨለማ ነው።»

አንደኛው ገበያተኛ ሳቀ። ታዲዎስ አይዞህ የተባለ መሰለው።

«እኔ ሌንስ እንጂ ዓይን አልሸጥም።»

«ውሸት ግን ትሸጣለህ።»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«ብር መልስ አላልኩህም! ዙምህን ያዝ፣ ሃምሳዋን ስጠኝ። ትርፉም ይቅርልህ። ሠርጉ እሑድ ነው። እትዬ ፋጤ፣ የሙሽራዋ እናት፣ በሴቱ ሁሉ ፊት አታላይ ብላኛለች። በሌላ ሌንስ አንስቼ ላሳይሽ ብዬ ለምኛት እስከ ነገ ከሰዓት ሰጥታኛለች። ካልሆነ ሌላ ታመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ቂርቆስ ውስጥ ማን በር ይከፍትልኛል?»

ልውጫው ለታዲዎስ ትርፍ ነበር። ግን ውሸታም የተባለው በሰው ፊት ነው።

«እለውጥልሻለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ‹ዙሙን ራሴ መርጬ ነው፤ በጠባብ ቤት ያነሳል አላልከኝም› በይ። እነሱም ይስሙ።»

«ብለኸኛል።»

«አላልኩም። ጋሽ ተከስተ እዚሁ ነበር። ጋሼ፣ ብያታለሁ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ያየሁት ጠረጴዛዬን ነው።

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኩ። «አልሰማሁም።»

«እርስዎም?» አለችና ወጣች።

ቅዳሜ ማለዳ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ኪዳን አስደረስኩ። ስለ ጠረጴዛው፣ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ቦታ የማገኝ ስላለመሆኔ ለፈጣሪ ላስረዳ ሞከርኩ። እሱም እንደ እኔ ሰምቶ ዝም አለ።

ሱቅ ስደርስ ረውዳ ቀድማኝ ገብታለች። ኮቴን ወንበሩ ላይ አንጠልጥዬ መፍቻዬን አነሳሁ።

«እህሳ፣ ቃሉን አጥንተሽ መጣሽ?» ይላታል ታዲዎስ።

«ወላሂ አልልም! ወይ ትለውጥልኛለህ፣ ወይ እዚህ በር ላይ ቆሜ ለገባ ለወጣው እናገራለሁ።»

«ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ! እሱንም በዙምህ ላንሳው። አገጩ ይወጣልኛል።»

«ውጪ ከዚህ!» ብሎ ክንዷን ሊይዝ ከመስታወቱ ጀርባ ወጣ።

መፍቻዬን አስቀመጥኩ። «ታዲዎስ፣ ብለሃታል» አልኩ።

«ምን?»

«ቁም ሳጥን ውስጥም ያነሳል ብለሃታል። ሰምቻለሁ። ትላንት የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ፊቱ ደም መሰለ። «የማን ጣሪያ ሥር ተቀምጠህ ነው?»

«ያንተ።»

«እንግዲያው ወሩ ሲያልቅ ጓዝህን አንሳ።»

«እሺ።»

ምስክር ከተገኘበት ግን ልውጫው ይሻለው ነበር፤ መስታወቱን ከፈተና ሃምሳዋን ወደ ረውዳ ወረወረ ማለት ይቻላል፤ ጠርዙ ላይ ቀለበቻት። ዙሙን ነቅላ አስቀመጠችለት፣ ትንሿን ገጠመች፣ ካሜራውን ወደሱ አዙራ ተጫነችው። የቆመው የሱቁ ጨለማ ጥግ ነበር። ፊቱ ከነንዴቱ፣ ከነግንባሩ የደም ሥር ጥርት ብሎ ወጣ።

እኔን አላመሰገነችኝም። ትንሽ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም።

«ትላንት ቢናገሩ ኖሮ ትላንትናውኑ እትዬ ፋጤ ጋ ሄጄ ነበር» አለችኝ። «አሁን ቀጠሮው ሊያልቅ ሲል ብቻዬን ብሄድ ሌላ ማታለያ ይዛ መጣች ነው የምትለው። ይነሱ። እኔ ላይ የሆነውን እርስዎ ይንገሯት።»

«እኔ? የማላውቃቸው ሰዎች ቤት?»

«እኔንስ መቼ ያውቁኝ ነበር? ሲዋሹብኝ ግን አላፈሩም።»

«ትጮህብኛለች እኮ።»

«ትጮሃለች። እትዬ ፋጤ ስትሳደብ ማቆሚያ የላትም። እርስዎ ደግሞ መስማት ያውቁበታል።»

ታዲዎስ ከት ብሎ ሳቀ። «ሂድ እንጂ ጋሼ! ምስክር አይደለህ?»

ኮቴን ከወንበሩ አንስቼ አንድ እጄን አጠለቅሁ። ሌላውን ሳላጠልቅ ቆም አልኩ። ረውዳ በሩን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው።

«እሺ» አልኳት። «እነግራታለሁ።»