ብረት አይበርደውም

መኪና ማንሳት የጉልበት ሥራ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም ልጆቼ። ጉልበቱንስ ማንሻው፣ ክሪኩ፣ ይችለዋል። ቁም ነገሩ ሆዷን ሳይጎዱ ማንሳቱ ነው። ክሪኩ ቦታውን ከሳተ ወለሉን ይሰረጉዳል፣ የዘይት መያዣውን ይበሳል። ቦታውን ካገኘ ግን መዶሻ ጨብጣ የማታውቅ ሴት እንኳ ያን ሁሉ ብረት ከመሬት ታላቅቀዋለች። ጎረቤታችን፣ የባለታክሲው ሚስት፣ በዓይኔ እያየሁ አላቅቃዋለች።

ባለታክሲው አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሣ ሲል ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ በየቀኑ ካለማመደው ቀስ እያለ ይመለሳል አለ። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ምክር የያዘው አንድ ነገር ነው፤ ግራ እግር ማለት ፍሪሲዮን ነው፣ ፍሪሲዮን የማይረግጥ ሹፌር ደግሞ ተሳፋሪ ነው።

ታክሲዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ እንዳይበላሽ በአራት ጉማጅ እንጨት ላይ ትውጣልኝ ብሎ ሚስቱን ለመናት። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አስተማራት። ከጎኗ ሥር፣ ጎማው አጠገብ፣ በጣት ሲዳስሱት ድርብ የሆነ ጠንካራ ከንፈር አለ፤ ክሪኩ እዚያ ብቻ። መሬቱ እንዳይሰምጥ ከክሪኩ ሥር ጣውላ፣ ብረት ብረትን እንዳይነክሰው ከላይ እንጨት። የምታርፍበት ጉማጅም እዚያው ከንፈር ሥር ይግባ፤ ደረቅና ራቁቱን ይሁን፣ ሌላ ምንም አይግባበት አላት። አራተኛው ጉማጅ ሲገባ፣ «በቃ፣ እኔ ብተኛም ግድ የለም» አላት፤ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

ደረቅና ራቁቱን የሚለው ግን ከሆዷ አልገባም። እንዲህ የሚወዳትን መኪና ሸካራ እንጨት ላይ እንዴት ላስቀምጣት አለች። ሐሳቧ ሲያድር ባሰባት፤ በማግስቱ ባሏ እንቅልፍ ሲወስደው የአልጋቸውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አራት ቦታ ቀድዳ፣ ክሪኩን እያዞረች በእንጨቱና በብረቱ መሃል አነጠፈችው። ብርድ ልብሱን ሲጠይቃት ከተሰጣበት ተሰረቀ አለችው። እየበረዳቸው ተኙ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው ልምምድ ሆነ። እሷ ከእግርጌው ተቀምጣ ትራስ ትይዝለታለች፤ «አንደኛ» ስትለው በግራ እግሩ ይገፋል፣ «ሁለተኛ» ስትለው ይገፋል። ያቃተው ቀን ዳገት ላይ ነን ይላታል። ጫን ስታደርግበት ደግሞ ተሳፋሪ ከሹፌር ጋር አያወራም ይላል። በየቀኑ ሳይጠይቅ የማይውለው ነገር ቢኖር የታክሲዋን ደኅንነት ነው። ታክሲዋ ከጉማጁ የምትወርድበት ቀን እሱም ከአልጋው የሚወርድበት ቀን ነበር፤ ሁለቱን ለይቶ አያያቸውም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ዝናቡ በመጣ ቁጥር፣ እሷስ ሱፍ ላይ ናት እያለች ትጽናና ነበር።

እግሩም አላሳፈራትም። በምርኩዝ ቆመ፣ ትራሱን ገፍቶ እሷን እስከ ማንገዳገድ ደረሰ። ሐኪሙ ቀስ እያልክ ሞክር አለው። ያን ጊዜ የሚስቱ ወንድም፣ መካኒኩ፣ ታክሲዋን ሊያወርድ ተጠራ። ይህ ሰው ክር የሚያህል ነው፤ ሰፈሩ «ድልቡ» ይለዋል። ክሪክ ለወፍራም ሰው ነው፣ እኔማ ሳትነሣም እገባለሁ እያለ አማቹን አሳቀው። ባልየው ወንበር ቀርቦለት መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙን ለውጧል።

ድልቡ ክሪኩን ከተባለው ቦታ አስገብቶ አነሣ። ክሪኩ ወጣ፣ መኪናዋ ግን አልወጣችም። ያ ጠንካራ የተባለው ከንፈር እንደ ረጠበ ብስኩት ተፈረፈረ። ከሥሯ ገብቶ ዳሰሰ፤ እጁ ላይ የቀረው ጥቁር፣ ውኃ የቋጠረ ሱፍ ነው። ሱፉ ዝናቡን እየጠጣ ብረቱን ሲያጠጣ ኖሯል። ዝገቱም ከዚያ ተነሥቶ ጎንና ጎኗን ጨርሷታል።

ቀልዱ ጠፋበት። «እታለም፣ ይኼ ምንድን ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«እንዳይሻክራት ብዬ ነው» አለች። ፍርፋሪውን ከመሬት እያነሣች፣ «ቢበየድስ?» አለችው።

«ከምኑ ጋር?»

እንደ ምንም ብሎ ጎማዎቹን ከሚያያይዘው አክስል ሥር እየገባ አነሣት፤ እሱ ብረት ደኅና ነበር። ጉማጆቹን አወጣ፣ መሬት አስነካት። ታክሲዋ ከሁለት ክረምት በኋላ በጎማዋ ቆመች። ግን መሃሏ ወደ ታች ጎበጠ፣ የሹፌሩም በር በራሱ ተከፈተ።

ባልየው ከመስኮቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ በሩን ዝጊው» አላት።

ገፋችው፤ አልገጥም አለ። በሁለት እጇ ወደ ላይ ደግፋ ገፋችው፣ በትከሻዋ ገፋችው። ድልቡ ሊያግዛት ሲል ባልየው በእጁ ከለከለው። በርን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚሰማውን ሰምቷል።

«ተይው» አላት።

ከዚያ ዓይኑ መሬት ላይ ወደ ወደቀው ጨርቅ ሄደ። ጭቃ ቢለብስም ጥለቱ ይታይ ነበር።

«ብርድ ልብሳችን አይደለም?»

«ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሳይ፣ ይቆጣታል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣትስ ምናለ ብዬም ተመኝቼ ነበር። ቁጣ እኮ ያልፋል። እሱ ግን እንደ ሕፃን እያባበለ፣ «ብረት አይበርደውም እኮ፣ የኔ እናት» አላት።

ምርኩዙን ሳይጠይቅ ድልቡ ደግፎት ወደ አልጋው ተመለሰ። የለበሰውን ሸሚዝ አላወለቀም።

ሲመሽ እንደ ልማዷ ከእግርጌው ተቀመጠች፣ ትራሱንም ያዘች። «አንደኛ» አለችው። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ጠበቀችው፤ ደግማ «አንደኛ» አለችው።

«ዳገት ነው?»

«የለም» አላት ጣሪያውን እያየ። «ቆመናል።»

እሷ ትራሱን አልለቀቀችም።