ዓሣ በገባበት ቤት

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ኦሜጋ» ይለዋል። ዓሣ ሻጭ ነው። በዓሣ ስብ ውስጥ ስላለው ኦሜጋ ሦስት ሳይሰብክ አንዲት ዓሣ እንኳ ጠቅልሎ ስለማያውቅ፣ ስሙን በገዛ አፉ ነው ያመጣው። ሱቁ መስታወት ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ዓሣ በገባበት ቤት ድባቴ አይገባም» ብሎ አጽፏል። ከጽሑፉ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ መጋረጃው የማይከፈት አንድ መስኮት አለ። እህቴ እዚያ ተኝታለች።

እኔ ከሱቁ በስተኋላ ቅርፊት እፍቃለሁ፣ ሆድ ዕቃ አወጣለሁ። እሷ ፊት ለፊት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ነበረች ስል ያንገበግበኛል። ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ዓሣ ያላማረው ሰው ሳይቀር እሷን ሊያወራ ጎራ ይል ነበር። መጀመሪያ ሳቁ ጠፋ። ቀጥሎ ወሬው። ቀጥሎ ራሷ ከወንበሩ ጠፋችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። የሞተብን ሰው የለ፣ የተጣላችው ሰው የለ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እሷም አታውቀውም።

ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ኦሜጋ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች» ይላል። ዘመዶቿ እኛ ነን፤ ያለነውም እዚሁ ነው።

ክፉ ሰው ነው እንዳልል ክፉ አይደለም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። በገዛ እጁ ያበስልላታል። ጠዋት ዓሣ፣ ማታ ዓሣ፣ ከጎኑ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ በላዩ ላይ ሮማን። «አንቲኦክሲዳንት ነው እትዬ» ይለኛል፣ «የሰውነትን ዝገት ጠርጎ ነው የሚያወጣው።» እህቴን የበር ማጠፊያ አደረጋት። ሳህኑን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና እያንዳንዷን ማንኪያ እስከ አፏ ድረስ በዓይኑ ይሸኛል። ከዚያ «ተሻለሽ?» ይላታል። «ተሻለኝ» ትለዋለች። እሱ ደስ ብሎት ወደ ሚዛኑ ይወርዳል፣ እሷ ወደ ግድግዳዋ ትዞራለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ኦሜጋ ሳትጨርስ ደንበኛ ጠርቶት በወረደበት፣ ሳህኑን ላነሳ ወጥቼ አትክልቱ እንዳለ አገኘሁት። ዓሣውን በሶፍት ጠቅልላ ትራሷ ሥር ደብቃዋለች።

«ለምን ትዋሺዋለሽ?» አልኳት።

«ምን ልበለው እትዬ? ሰው ሁሉ በዚህ ይድናል። እኔ ካልዳንኩ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነዋ።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።» ቀጥላ፣ ውሃ አቀብዪኝ በምትልበት ድምፅ፣ «አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ» አለችኝ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁለት እጇን ያዝኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ብቻ እንደማልለቃት ነገርኳት። ከዚያ ከበሩ ሳልርቅ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ያነሳችው ሐኪም በቅርቡ ስለ ምግብና ስለ ድባቴ ሰፈሩን ሰብስባ ያስተማረችው ናት። እህቴ ያለችኝን ነግሬ የኦሜጋን ሱቅ ስጠራላት አወቀችው።

«ንግግሬን ሳልጨርስ ብድግ ብሎ የሮጠው ሰውዬ?»

«እሱው ነው ዶክተር።»

«ዓሣና ቀለሙ የደመቀ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ድባቴ አነስ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ ነበር ያልኩት። ምክንያቱ ምግቡ ይሁን፣ ወይስ ደህና የሆነ ሰው ስለሆነ ደህና የሚበላው፣ ገና አልለየለትም። ይህን ልል ስል እሱ በር ላይ ደርሷል።»

«ጽሑፉን ሊያጽፍ ነዋ!» አልኩ። እንዲህ ስል ከሳቅና ከለቅሶ የቱ እንደመጣብኝ እንጃ።

«ምግቡን አትከልክሏት፣ ጥሩ ምግብ ነው። የታመመ ሰው ግን መታከም አለበት። ያለችዎት ነገር ቀላል አይደለም፤ ዛሬውኑ ያምጧት። እስከዚያ ብቻዋን አይተዋት። ማታ ግን የለሁም።»

ኦሜጋን ከደረጃው አፍ ሆኜ ጠራሁት። ሽርጡን እንዳገለደመ፣ በእጁ ቢላ እንደያዘ ወጣ።

«ሐኪም ቤት ይዣት ልሄድ ነው» አልኩት።

«እሺ እትዬ፣ እሺ። ግን ሱቁ እስኪዘጋ ብቻ ጠብቂ።»

«ሱቁ እስኪዘጋ ሐኪሟ ትሄዳለች።»

«እንግዲያው ነገ በማለዳ፣ ሰው ሳይገባ።»

ነገሩ ገባኝ። ከዚያ ቤት መውጫው አንድ ብቻ ነው። ደረጃው የሚያርፈው ከሚዛኑ አጠገብ፣ ከደንበኛው አፍንጫ ሥር ነው።

«ታች ሰው ሞልቷል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲህ ሆና ቢያዩዋት ምን ይላሉ? የዓሣ ሻጩ የገዛ ሚስት ድባቴ ይዟት ተኝታለች ቢባል ማን ዓሣ ይገዛኛል?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚፈራው ለእሷ ይመስለኝ ነበር። ለመስታወቱ ኖሯል! ታዲያ የሐኪም ሚስት አትታመምም? የዳቦ ጋጋሪ ልጅ አይርበውም? እህቴ ከዚህ ደረጃ ተንከባላ እግሯ ቢሰበር፣ ደንበኛው ተሸኝቶ እስኪያልቅ ተጋድማ ትጠብቅ ነበር?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?» አልኩት።

«እሷም እኮ እየተሻለኝ ነው ትላለች…»

«አንተ ደስ እንዲልህ ነዋ! ያበሰልክላት ዓሣ ያለው ትራሷ ሥር ነው፤ ሄደህ እየው። ባልነቃ እያለች ነው፣ ሰማህ? ተኝቼ ባልነቃ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ቢላውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ግን መንገዱን አልለቀቀም፤ እዚያው ደርቆ ቀረ።

እህቴን አለበስኳት። ፀጉሯን በእጄ ሰብስቤ አሰርኩላት። ጫማዋን ሳጠልቅላት «እትዬ፣ ይቅር፣ እሱን አናሳፍረው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እሷ እንዲህ ሆናም የምታስበው ስለ እሱ ነው። ክንዷን በክንዴ ቆልፌ፣ ኦሜጋን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ፣ አንድ አንድ ደረጃ እያልን ወረድን።

ሱቁ ጢም ብሏል። እህቴ ከብርሃኑ ስትገባ ዓይኗን ጨፈነች። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። እኔ ክፉ ቃል ለሚናገር ሁሉ ስድቤን አዘጋጅቼ፣ ማን ይጀምር ይሆን እያልኩ ፊት ለፊቴን ሁሉ እገላምጣለሁ። ማዕዘኑ ላይ የምትሠራው ልብስ ሰፊ፣ ከዚህ ሱቅ የማትጠፋው፣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዛ ቆማለች።

«ውይ!» አለች፣ «መቼ መጣሽ?»

«አሁን፣ አሁን ነው የገባችው» አለ ኦሜጋ ከኋላችን እየተንደረደረ። «መንገዱ አድክሟት ነው…»

«የትም አልሄድኩም» አለች እህቴ። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ሰማው። «ላይ ነበርኩ። ድባቴ ይዞኝ ነው። ልታከም መሄዴ ነው።»

እህቴ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ኦሜጋ አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ጥቅል ቀስ ብላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ባሌም ከተኛ ቆየ» አለች። «ሥራ ተወ፣ መላጨት ተወ። ይህን መስታወት አንብቤ ነው እኔ እዚህ የምመላለሰው። እየበላ ባሰበት። አሠራሩን ባላውቅበት ነው እያልኩ አንዴ እቀቅላለሁ፣ አንዴ እጠብሳለሁ። ለካ…»

ኦሜጋ ከኋላችን አልፎ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ሚስትህን ነበር ላዋይ የፈለግኩት። ሰው ታደምጣለች ብዬ። በመጣሁ ቁጥር የት ናት እያልኩ ጠየቅኩህ። የለችም አልከኝ።»

ኦሜጋ ጥቅሉን ከሚዛኑ ላይ አነሳው። እኔ ያሰናዳሁትን ስድብ በሙሉ ረሳሁት። እህቴ ክንዴን ለቀቀችና እጇን ለሴትየዋ ዘረጋች።

«ይኸው አለሁ» አለቻት። «ነይ፣ እየሄድን ንገሪኝ።»