የጥንድ ድርሻ

እጁን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በዱቄት ሳሙና፣ በመጨረሻም በባዶ ውኃ ፈተገው። ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ንቅንቅ አላለም። ዕድሜ ሙሉ የገባ ግሪስ በአንድ ጧት አይወጣም። ተስፋ ቆርጦ ኮቱን ሲደርብ ልጁ ከቶርኖው ላይ ቀና ሳትል ተናገረችው። የሚላጠው ብረት እየተጠቀለለ ከእግሯ ሥር ይወድቅ ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ እንዳትጣላ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር ይለኛል ደግሞ። ለምነህ ና እንጂ ተጣልተህ እንዳትመጣ።»

«ለምነህ» ያለችውን ቃል እያላመጠ ወጣ። በሩ አጠገብ፣ ከአሮጌ ጎማዎቹ ላይ፣ የልጁ ሻንጣ ተቀምጧል። ትናንት ዚፑን ስትጠግን አይቷታል። ስለ መሄድ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ዚፕ ግን ዝም ብሎ አይጠገንም።

አባትና ልጅ የሚሠሩበትን መጋዘን ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። «ለእናንተ ቅድሚያ ሰጥቻለሁ፤ እስከ ወር መጨረሻ ካልገዛችሁ ግን ለሌላ ነው» ብሏቸዋል፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ደረቱን ነፍቶ። መጋዘኑ ከሄደ ጋራዡም ይሄዳል። ልጁን ሩቅ ከተማ ያለ ፋብሪካ ለቶርኖ ሥራ ይፈልጋታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ እነዚያን የዛገ ቆርቆሮ ግድግዳዎች ቤት ያስመሰለቻቸው እሷ ናት። እሷ ከሌለች እሱ እዚያ ምን ይሠራል? አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ በር ያያል።

ገንዘብ የመጣው ካልታሰበበት በኩል ነው። በጉልበቱ ዘመን በመካኒክነት ያገለገለው የአውቶቡስ አክሲዮን ማኅበር አሮጌውን ዲፖ ሸጠና፣ ከሚያስፈልገኝ በላይ ካፒታል ይዣለሁ በማለት ከፊሉን ለባለድርሻዎቹ ሊመልስ ወሰነ። ለሌላው ባለድርሻ ነገሩ ቀላል ነው፤ ተመላሹን ተቀብሎ ወደፈለገው ሥራ ያዞረዋል። የሱ ድርሻ ግን የጥንድ ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም ለሠራተኛ አክሲዮን በነጠላ አይሸጥም ነበር፤ የአንድ አውቶቡስ ሾፌርና መካኒክ በአንድነት ነው የሚገዙት። ሾፌሩ መኪናውን እንዳያሠቃይ፣ መካኒኩም በምራቅ አጣብቆ እንዳይልክ፣ ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር ነው የተባለው። «ትዳር ይፈርሳል፣ ጥንድ አይፈርስም» እያሉ ሠራተኞቹ ይሣሣቁ ነበር። አሁንም ተመላሹ ምን ላይ እንደሚውል ሁለቱ ቀርበው፣ በየአፋቸው፣ አንድ ቃል መናገር አለባቸው። ካልተስማሙ ገንዘቡ ሳይጠየቁ አዲስ ወደተቋቋመው የጭነት ኩባንያ አክሲዮን ይዞራል፤ የዚያን ትርፍ ደግሞ የልጅ ልጅ ካየው ነው። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።

ግማሹ ለመጋዘኑ አይበቃም። ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ ከሆኑ ይበቃሉ። ስለዚህ ጥንዱ የሆነውን ሾፌር «ግማሽህን ከእኔ ጋር ጋራዡ ላይ አውለው፤ እንደገና ሸሪክ እንሁን» ብሎ መለመን አለበት። ከሰው ሁሉ እሱን።

መንገዱን በእግሩ ያዘው። ለታክሲ ሰስቶ ነው ቢባልም ያስኬዳል፤ እውነቱ ግን ንግግሩን ማዘጋጀት ነበረበት። ይህን ንግግር ዘመኑን ሁሉ ሲያዘጋጀው ኖሯል፤ መኪና ሥር ተንጋሎ፣ አልጋው ላይ ተገላብጦ፣ የሚስቱ ቀብር ላይ ቆሞ ሳይቀር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእነሱ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። ማኅበሩ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ይህችው መኪና ተሸለመች። መኪና መድረክ አይወጣምና ሾፌሩ ወጣ። ክራቫቱን አሥሮ፣ ፀጉሩን ወደ ጎን ከፍሎ፣ ሸጋው የሚል ቅጽል ስሙን የሚያስመሰክር ሆኖ። ድምፅ ማጉያውን ያዘና፣ «ይቺ መኪና መካኒክ አታውቅም» አለ። አዳራሹ በሣቅና በጭብጨባ ተናጋ። መካኒኩ ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ ከነቱታው ቆሞ ነበር፤ የዚያኑ ዕለት የመኪናዋን ማርሽ ሳጥን አውርዶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ ገጥሞ፣ ልብስ ለመቀየር እንኳ ጊዜ አጥቶ ነው የደረሰው። ሰው የሚያየው መሪ የጨበጠውን ነው፤ ሥር የተኛውን ማን ያያል። ከዚያ ቀን ወዲያ ከሾፌሩ ጋር ከሥራ ውጭ አልተነጋገረም። ሾፌሩም አንድም ቀን «ምን ሆነሃል?» ብሎ አልጠየቀውም። ከነገሩ ሁሉ ይህኛው ነው አንጀቱን ያሳረረው።

እንግዲህ ዛሬ መጀመሪያ ያንን ይነግረዋል። ሾፌሩም ጥፋቱን ያምናል፤ አፍሮ መሬት ያያል። ልመናው ከዚያ በኋላ ይቀልላል።

በሩን የከፈተችው የሾፌሩ ሚስት ናት። ከስታለች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትኩር ብላ አየችውና በድሮ ቅጽል ስሙ ጠራችው።

«ስፓና! ሞተሃል ብዬ ነበር እኮ።»

«ብሞት ትሰሚ ነበር።»

«አንተ? አንተ ለገዛ ቀብርህም ሰው አትጠራም።» ሣቀች፤ ሣቋ ግን ወዲያው ረገበ። «ለማኅበሩ ጉዳይ እንደምትመጣ ገምቻለሁ። አልነገሩህም አይደል? ግባ።»

ሾፌሩ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክራቫት አሥሯል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ግን ተዛንፈው ነው የተቆለፉት። እንግዳውን ሲያይ የወንበሩን እጀታ ተመርኩዞ ለመነሣት ታገለ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ከመሥሪያ ቤት ነዎት?»

አንቱታው አስደነገጠው። ከዚህ አፍ «አንተ» እና «ና እስቲ» እንጂ ሌላ ሰምቶ አያውቅም። ሲያሾፍ ይሆናል ብሎ ዓይኑን ፈለገ። ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም።

«መካኒክህ ነኝ» አለው።

ሾፌሩ አሰበ። ግንባሩን ቋጠረ፣ ፈታ፤ ከዚያ የሰውን ስሕተት በትሕትና እንደሚያርም ሰው ፈገግ አለ።

«ተሳስተው ይሆናል። የእኔ መኪና መካኒክ አታውቅም።»

በዚያው ድምፅ ነው ያለው። ጭብጨባ ብቻ ጎደለው።

መካኒኩ ስንት ዓመት ያዘጋጀውን ንግግር ከአፉ ውስጥ ፈለገው፤ አጣው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የወጋው እንዲህ አድርጎ ሲረሳ፣ ቢላውንም ራሱንም ሲረሳ፣ የተወጋው ቁስሉን ይዞ ወዴት ይሂድ? ይህን የነገረው የለም።

ሴትየዋ ወደ ማእድ ቤት ጠራችው። ሻይ ቀዳችለት፤ ራሷ ግን ወንበሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

«ከተቀመጥኩ መነሣት ነው ጣጣው» አለች። «ማታ ማታ እሱን ሳነሣ ወገቤ አለቀ። ግማሹ ከደረሰን አንዲት ጠንካራ ሴት እቀጥራለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ለማንሣቱ፣ ለማጠቡ። አንተስ? ምን ልታደርገው አሰብክ?»

ነገራት። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ቶርኖው፣ ግማሹ ስላለመብቃቱ። ስለ ሻንጣው አልነገራትም። እየተናገረ ሻዩን ያማስል ነበር፤ ስኳር አልጨመረበትም።

እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«እሱ እንደሆን ያልከውን ሁሉ እሺ ይልሃል። ባለፈው የውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ለቀልድ ‹አባባ፣ ቤቱን ይሽጡልኝ› ቢለው፣ እሺ ልጄ፣ አለው። የቤቱን ቁልፍ ሊሰጠው ሲፈልግ ነው የደረስኩት።» ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። «እኔ ምን እላለሁ? ድርሻው የሁለታችሁ ነው፤ እኔ የለሁበትም። ይዘኸው ሂድ። እኔም አብሬ እመጣለሁ፣ ደረጃ ላይ ብቻህን አትችለውም።»

በእግሩ የመጣው መካኒክ ለሄዱበት ታክሲ ከፈለ። ሾፌሩን በመካከላቸው አስቀመጡት። መንገዱን ሁሉ በመስኮቱ እያየ፣ ሱቅ ባየ ቁጥር «ይህ አዲስ ነው» ይል ነበር። ምንም አዲስ ሱቅ አልነበረም።

በማኅበሩ ቢሮ ሰው በርክቷል። ቀኑ የመጨረሻ ስለሆነ ጥንዶች ሁሉ በየማዕዘኑ ይከራከራሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ሾፌር የራሱን መካኒክ «ያኔም ብሎን አታጠብቅም ነበር፣ ዛሬም ቃልህን አታጠብቅም» እያለ ይሰድበዋል፤ ተሰዳቢው እየሣቀ መልስ ይሰጠዋል። መካኒኩ አሻግሮ አያቸውና ቀናባቸው። የሚሰድበው ሰው ያለው ሰው ታድሏል።

ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ፣ ከልጁ ዕድሜ የማትበልጥ ልጅ፣ ለሾፌሩ ወንበር አቀረበችለት።

«አባባ፣ ተመላሹን ምን ላይ እናውለው? ትካፈላላችሁ ወይስ በአንድ ላይ ለአንድ ሥራ ታደርጉታላችሁ? ከእርስዎ አፍ መስማት አለብኝ።»

ሾፌሩ ወደ ሚስቱ አየ። ሚስቱ የገዛ ጫማዋን ታያለች። ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞረ።

«እርሳቸው ያሉትን» አለ።

«እርሳቸውን ያውቋቸዋል?»

ሾፌሩ ረጅም ጊዜ ወስዶ ፊቱን መረመረው። መካኒኩ በዚያች ቅጽበት፣ ለራሱም ባልገባው ምክንያት፣ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«አላውቃቸውም። ደግ ሰው ይመስላሉ።»

ጸሐፊዋ ወደ መካኒኩ ተመለሰች። አንድ ላይ ቢል አለቀ። መጋዘኑ፣ ልጁ፣ ጧት ጧት የምታፏጨው ፉጨት፣ ሁሉም በአንድ ቃል እሱ ጋ ይቀራሉ። ደግሞስ ምን አጠፋ? ያ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር የዕድሜ ልክ ሥራውን ወስዶበት የለም? እሱም በአንድ ቃል ቢወስድበት ቂሙ ተወራረደ። ይህን ሁሉ በሐሳቡ ቀምሮ ነበር፤ ትክክል ነበር፤ የሚከራከረው አልነበረም። በሐሳቡ ሲሟገተው ሾፌሩ ሁልጊዜ ይመልስለት ነበር፤ ይክደዋል፣ ይቆጣዋል፣ በመጨረሻ ይሸነፍለታል። አሁን ግን አንድ ሽማግሌ ክራቫቱን እያስተካከለ ያየዋል፤ በሙሉ ልቡ አምኖታል።

«ይካፈል» አለ። ድምፁ ስድብ የተናገረ ይመስል ሻከረ።

«ይካፈል ነው ያሉት፣ አባባ። ተስማምተዋል?»

«እሺ ልጄ» አለ ሾፌሩ።

ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አላመሰገነችውም፤ እሱም ምስጋና ቢመጣ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። ጸሐፊዋ «የእርስዎን ግማሽ አዲሱ ኩባንያ ላይ እናድርገው? ከአሁኑ ለሚገባ ጥሩ ነው ይላሉ» ስትለው፣ «እነሱ ይግቡበት» ብሏት ፈርሞ ወጣ።

ውጭ፣ ከቢሮው ግንብ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሴትየዋ ወገቧን እንደያዘች ታክሲ ለመጥራት ወደ አስፋልቱ ሄደች። ሾፌሩ ሰው እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስል የመካኒኩን እጅጌ ያዘ። ጥቁር ጥፍሮቹን አየ።

የመካኒኩ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አላነሣውም። እንደገና ጮኸ።

«ስልክዎ ነው» አለ ሾፌሩ።

«አውቃለሁ።»

«ያንሱት እንጂ። የሚጠብቅዎት ሰው ይኖራል።»

አወጣው። ጆሮው ላይ አደረገው።

«አባዬ? ምን ሆነ? ሰውየው እሺ አለህ?»

መካኒኩ እጅጌው ላይ ያረፈውን እጅ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ተዛንፈው የተቆለፉትን ቁልፎች አየ።

«አዎ» አለ። «እሺ ብሎኛል።»

«አላልኩህም! አባዬ፣ አላልኩህም? አንተ እኮ ሰው ላይ ክፉ ታስባለህ፤ ዝም ብለህ በከንቱ ስትጨነቅ...» ልጁ እየሣቀች ታወራ ጀመር፤ ስለ ግድግዳው ቀለም፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለሚቀጥሩት ሰው። እሱ ቀጥሎ መናገር የነበረበትን፣ ይካፈል ያለው ራሱ መሆኑን፣ አፉ ውስጥ ይዞ አዳመጣት። ከወዲያ ማዶ ሴትየዋ ታክሲ አቁማ በእጇ ትጠራቸዋለች፤ ባለታክሲው ጡሩምባውን ነፋ፣ ደገመ።

«እየሰማኸኝ ነው?» አለችው ልጁ።