የእንግዳ ክሊኒክ

እትዬ ካርቶን የመዋለ ሕፃናት መምህርት ናት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ እሷም አልተቀየመችም። ሁለት ወር ሙሉ በየሱቁ ደጃፍ ባዶ ካርቶን ሲለምን የከረመ ሰው "እመቤት በሉኝ" ብሎ ሊከራከር አይችልም። ባሏ ብቻ፣ አዲስ ጫማው መሬት ላይ ተዘርግፎ ካርቶኑ በተወሰደ ማግስት ትንሽ አኩርፏል።

በዚያ ሁሉ ልቅምቃሚ የክፍሏ አንድ ጥግ ላይ ክሊኒክ አቆመች። አልጋው የፍሪጅ ካርቶን ነው፣ የደረት ማዳመጫው ገመድና ቆርኪ፣ የእንግዳ መቀበያው ስልክ ደግሞ ባሏ የጣለው ስልክ። በአንዲት እርሳስ የሚናከሱት ሃያ ሁለት ልጆቿ እዚያ ሲገቡ ወረፋ መጠበቅ ጀመሩ። መርፌ ሲባል ሰፈር የሚያውከው አልቃሻው ሳይቀር ለሌላው መርፌ እየወጋ "አይዞህ፣ አለቀ" ማለት ለመደ። እትዬ ካርቶን ይህን ስታይ ደስታዋ ሌላ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ስታስተምር እንዲህ የሠመረላት ነገር አልነበረም።

ደስታዋ የቆየው ዳይሬክተሯ ክፍሉን እስኪጎበኙ ድረስ ነው።

ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ቢያንስ ይሸሹታል። እሳቸው ንጹሕ ናቸው። ሶፋቸው ከተገዛ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ላስቲኩ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ባላቸው ቴሌቪዥን የሚያዩት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ነው። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች የሰው ከንፈር ነክቷቸው አያውቅም። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ለእንግዳ ሲያነሡና ሲያስቀምጡ ኖረው ወገባቸውን ስለታመሙ፣ አንድ እጃቸው ከወገባቸው አይለይም። ይመጣል የሚባለው እንግዳ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

"ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?" አሉ፣ በጫማቸው ጫፍ አልጋውን ነካ አድርገው።

"ክሊኒክ ነው። ልጆቹ ሐኪምና ታማሚ እየሆኑ ይጫወቱበታል። መናገሩንም መታገሡንም የሚማሩት በዚህ ነው።"

"ሱፐርቫይዘር በሦስት ሳምንት ይመጣል። በቆሻሻ አልዋረድም።"

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ሁሉ ዘበኛው እንዲያቃጥለው ወጥቶ፣ በምትኩ ሌላ ክሊኒክ ገብቷል። ወይ ክሊኒክ! ሮዝ የፕላስቲክ አልጋና ወንበር፣ እጥፉ ያልተፈታ ነጭ ጋዋን፣ የሚያብረቀርቅ ማዳመጫና የመጫወቻ መርፌ፣ ከማሰሮ የማያንስ የአበባ ማስቀመጫ። እትዬ ካርቶን እውነቱን ለመናገር ቀናች፤ ልጆቹም "ሄይ" ብለው ተንጋግተው መጡ። ይህን ጊዜ ዳይሬክተሯ ጥቅል ላስቲክ አወጡና አልጋውን፣ ወንበሩን፣ አበባውን አንድ በአንድ ጠቀለሉት። ከፊቱም ቀይ ሪባን ወጠሩ።

"አይነካም" አሉ። "ለእንግዳ ነው።"

"ታዲያ ልጆቹ መቼ ይጫወቱበት?"

"በዕለቱ ይጫወታሉ። ስሚ፣ ሙሉ ነጥብ ካላገኘ ጥጉን አነሣዋለሁ። ሁለት ጠረጴዛ ይገባበታል፣ ስምንት ልጅ ያስቀምጣል። እወቂው።"

እንግዲህ ለልጆች የተሠራን ነገር ከልጆች መጠበቅ ትልቅ ሙያ ሆነ። ዳይሬክተሯ በየጠዋቱ የዕቃ ቤት ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ላስቲኩን ይቆጥራሉ፣ የጣት አሻራ ይፈልጋሉ፣ "አይነካም" ብለው ይወጣሉ። ሃያ ሁለቱ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ክሊኒኩን ያያሉ። አልቃሻው ማልቀሱን ቀጠለ፤ የእርሳሱም ንክሻ ተመለሰ። እትዬ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቢሮ ድረስ ሄዳ ለመነች፤ ሁለት ጊዜም "ልጅ ከገባበት ምኑ ይተርፋል?" ተባለች። ማታ እቤቷ ባሏን ያለ ጥፋቱ ተቆጣችው።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው ነው። ዳይሬክተሯ ላስቲኩን ገፈው፣ ሪባኑን ፈትተው፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ "ኑ ልጆች፣ እንደ ወትሮው ተጫወቱ" አሉ።

አንድም ልጅ አልተነሣ። ወትሮ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ፤ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ። እትዬ ካርቶን ሁለቱ ጠረጴዛዎች ሲገቡ ታያት።

በመጨረሻ ከልጆቹ ሁሉ ታናሿ፣ ሚጢጢ የሚሏት፣ ተነሣች። ጋዋኑን ለበሰች፤ እስከ መሬት ተጎተተ። ማዳመጫውን ግን ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም፤ እንደ ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችውና አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሪባኑ የነበረበት መግቢያ ላይ ቆመች። አልቃሻው ሆዱን ይዞ መጣ።

"ሆዴን አሞኛል። አልጋው ላይ ልተኛ?"

"አይነካም። ለእንግዳ ነው።"

"ወንበሩስ?"

"እሱም።"

"ሐኪሟ የታለች?"

"አበባ እየወለወለች ነው።"

አልቃሻው ትንሽ አሰበና መሬት ላይ ተዘረረ። "በቃ ሞትኩ።"

"እዚህ አትሙት" አለች ሚጢጢ። "ተወልውሏል።"

ልጆቹ ግር ብለው ተነሡ፤ ሁሉም መታመም ፈለገ። ሚጢጢ ሁሉንም በየተራ መለሰቻቸው። ሱፐርቫይዘሩ ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳይሬክተሯ እጃቸውን ከወገባቸው አነሡ፤ የት እንደሚያደርጉት ግን ጠፋቸው። ሰውየው ሲወጣ የጻፈውን አሳያቸው፦ "ልጆቹ በአካባቢያቸው የሚያዩትን አዋቂ በሚገባ አስመስለው ይጫወታሉ። ሙሉ ነጥብ።"

ጥጉ ተረፈ። እትዬ ካርቶን እፎይ ሳትል ግን ዳይሬክተሯ ሱፐርቫይዘሩን ሸኝተው ተመለሱ፤ ፊታቸው ቀልቷል፣ ብብታቸው ሥር ጥቅሉ ላስቲክ አለ።

"ሌላ ትምህርት ቤት ልምድ ሊወስድ ይመጣል" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ሚጢጢ ከመግቢያው አልተነሣችም። "እንግዳ ነዎት?"

"አይደለሁም። የቤቱ ባለቤት ነኝ።"

"እንግዲያ አይነካም። ታማሚ ከሆኑ ግን ይገባሉ፤ አሁን ተፈቅዷል።"

እትዬ ካርቶን ልጅቷን ልትጠራ አፏን ከፍታ ተወችው። ዳይሬክተሯ ላስቲኩን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልተቀመጠበት ሶፋቸው ትዝ ይበላቸው አይበላቸው እሳቸው ያውቃሉ።

"ወገቤን ያመኛል" አሉ ቀስ ብለው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።"

"ይተኙ" አለች ሚጢጢ፤ ዳይሬክተሯም አልጋው ላይ ጋደም አሉ። አልቃሻው መርፌውን ይዞ ሮጠ፤ "አይዞዎት፣ አለቀ" እያለ ወጋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሃያ ልጅ ከበባቸው፤ አንዱ ላስቲኩን ዘርግቶ እንደ ብርድ ልብስ አለበሳቸው።

የአልጋው እግር ቀጭ ብሎ የተሰበረው ያኔ ነው፤ የመጣው ከነሙሉ ክብሩ ለዕይታ እንጂ ለሰው አልነበረም። ዳይሬክተሯ ከወለሉ ላይ ሳይነሡ እትዬ ካርቶንን አንጋጠው አዩዋት።

"ያንን ካርቶን ዘበኛው አቃጥሎታል?"

"አላቃጠለውም" አለች እትዬ ካርቶን። "ጎጆው ውስጥ አስቀምጦልኛል።"

"በይ ሂጂ አምጪው" አሉ ዳይሬክተሯ። "እኔ እስኪሻለኝ እዚሁ ልቆይ።"