የይታይሽ ፈረስ

የዳንግላው ባለጋሪ ደሴ ዳገት ላይ የቆመ ፈረስ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የማንም ጋሪ ይሁን፣ ወርዶ ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል። ባለጋሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ገበያ ውስጥ ስሙ በክፉ ይነሳል። መልካም ልማድ ነው፤ ጉድ የፈላው ልማዱ ስልክ ውስጥ ሲገባ ነው።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሰነበተ። ልጁ ይታይሽ ሰባት ዓመት ሞልቷት አንድም ቀን ክፍል አልገባችም፤ ይህም ደሴን እንቅልፍ ይነሳዋል። ጎረቤቱ ባለሱቋ ዋሂዳ ለራሷ ልጅ ያስጫነችውን የፊደል ጨዋታ በእሱም ስልክ ላይ ጫነችለት። ኔትወርክ አይፈልግም። ስልኩ የአንድ ፊደል ድምፅ ይጠራል፣ ልጅቱ ፊደሉን ትነካለች፤ ካገኘችው በስልኩ ላይ ያለው ፈረስ ዳገቱን ፈቀቅ ይላል፣ ከሳተች ይቆማል።

ቀን ስልኩ የሚውለው ከደሴ ጋር ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከፍቶ ቢያይ፣ የልጁ ፈረስ ዳገቱ ግርጌ ተገትሯል። አንጀቱ አልቻለም። «አይዞህ» አለው የጋሪ ፈረሱን በሚያናግርበት በአዊኛ፣ ይሄኛው ፈረስ አማርኛ ይስማ አይስማ እርግጠኛ ስላልነበረ፤ ከዚያ ፊደሉን ራሱ ነካለት። በማግስቱም እንዲሁ። ይታይሽ ማታ ማታ ፈረሷ ከፍ ብሎ ስታገኘው ትስቃለች፣ የአባትም ልብ ቅቤ ይጠጣል።

ፈረሱ የዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ግን ጨዋታው ፊደል መጥራቱን ትቶ ሙሉ ቃል አንብቢ አላት። ነካች፣ ሳተች። ደገመች፣ ሳተች። ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ትምህርት አይገባኝም፣ አባባ» አለች፣ ሳታለቅስ። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ደሴ ስልኩን ይዞ ወደ ዋሂዳ ሱቅ ሄደ። ያደረገውን ሲነግራት ሳቋ አመለጣት።

«ጨዋታው እኮ የሚያስተምረው በመልሷ ልክ ነው። አንተ ስትመልስለት እሷ ያወቀች መሰለውና ጥሏት ሄደ።»

«ላግዛት ብዬ ነው።»

«መች አጣሁት። በል ከመጀመሪያው ላስጀምረው፤ አንተ ግን እጅህን ሰብስብ።»

ቤት ሲገባ አጠገቧ ተቀመጠ። አፍሮ ነበር፣ ግን ልጁ ራሷን ደንቆሮ ነኝ ብላ እንድታድግ ከማየት ማፈር ይቀላል።

«ፈረሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አላት። «የከበደሽ ለዚያ ነው እንጂ ሳይገባሽ ቀርቶ አይደለም።»

ይታይሽ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ ከግርጌው ጀመረች። ፈረሱ ትንሽ ወጣና ቆመ። ጣቷም አየር ላይ ቆመ። ደሴ ፊደሉን ያውቀዋል፤ ትከሻው ሳያዘው ወደ ስልኩ ዘንበል አለ።

ይታይሽ ቀና ሳትል በክርኗ መለስ አደረገችው።

«ተወው፣ አባባ» አለች። «ጭነት የለበትም። እያሰበ ነው የቆመው።»