ያስቀረኋት አንዷ ነጥብ

እዚህ ምግብ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ከምሳ በፊት የድንች ጥብስ እበላለሁ። በልቼ ስጨርስ ሶፍት ላይ «ዘጠኝ ከአሥር» ብዬ ጽፌ ለሼፏ እልክላታለሁ። አንዷን ነጥብ የማስቀረው ሴትዮዋ እንዳትኩራራብኝ ነው፤ ቀልዴን እኮ ነው!

ዛሬ ድንቹ ከሰል መስሎ መጣ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አልኳት አስተናጋጇን።

«ሼፏ ለቀቀች። ‹ያንን ሰውዬ ማስደሰት አቃተኝ› ብላ እያለቀሰች ወጣች።»

ሶፍት መንጭቄ «አሥር ከአሥር!» ብዬ ጻፍኩ።

«በእናትሽ፣ እቤቷ ድረስ ሮጠሽ ስጪልኝ!»

ገና ሳትቀበለኝ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሽርጡን እንዳሸረጠ ከጓዳ ወጥቶ ሶፍቱን ነጠቀኝና አነበበው። ፊቱ በራ።

«ዛሬ እኮ የጠበስኩት እኔ ነኝ! በቃ፣ ከእንግዲህ ሼፍ የሚባል አልቀጥርም!»